የማላካል ጉዞና የቾል ዋስ

ጡረታ በወጣሁ ሰሞን የስፖርት ዕቃ ክፍሉን ያስረከብኩት ለአንዲት ወጣት መምህርት ነው። ዕቃውን እያገላበጠች ስታይ ከመደርደሪያው ጥግ አየሩ የወጣ፣ ቆዳው የተሰነጣጠቀ ሞላላ ኳስ አገኘችና፣ «መምህር ኑሩ፣ ይሄ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተጣመመው?» አለችኝ። አልተጣመመም፣ ሲሠራም እንዲሁ ነው አልኳት። የራግቢ ኳስ መሆኑን፣ እኔም በንጉሡ ዘመን ጋምቤላ ውስጥ የራግቢ ቡድን ይዤ ሱዳን ድረስ እንደሄድኩ ስነግራት፣ ሽማግሌ የሚቀልድባት መሰላትና በትሕትና ሳቀች። ቤቴ ገብቼ ሳስበው አልፈረድኩባትም። ይህን የምጽፈው ለእሷ ጭምር ነው።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ስወጣ የመጀመሪያ ምደባዬ ጋምቤላ መሆኑን የሰሙ ጓደኞቼ፣ ዘመድ እንደሞተበት ሰው አጽናኑኝ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ሙቀት ማለት የግንቦት ፀሐይ ይመስለኝ ነበር። ከጎሬ በጭነት መኪና ስንወርድ መጀመሪያ ሹራቤን፣ ቀጥሎ ኮቴን አወለቅሁ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ስንደርስ የሚወልቅ ነገር አልቆብኝ ነበር። ደመወዙ ከበረሃ አበሉ ጋር ሚስትና ልጅ ለሌለው ሰው አያንስም። መዘግየቱ ብቻ ያናድድ ነበር፣ እሱም ቢሆን የአቶ አደም ሱቅ በዱቤ ስለሚሰጠን ይቻላል። አቶ አደም ከወሎ የመጡ ነጋዴ ሲሆኑ አከራዬም ነበሩ።

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር በዚያ ሙቀት ክራቫታቸውን የማይፈቱ ደገኛ ነበሩ። ወረቀቴን አይተው፣ «ስፖርቱን አንተ ታስተምራለህ። ሜዳው ግን የአቶ ኡጁሉ ነው፣ እሳቸውን ጠይቅ» አሉኝ።

አቶ ኡጁሉ የሒሳብ መምህር ነበሩ። አኙዋክ ናቸው፣ ጴንጤ፣ ቀጭንና ረጅም፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው። በልጅነታቸው፣ ሱዳን በእንግሊዞች እጅ ሳለች፣ በጀልባ ወደ ማላካል ተልከው እዚያ ተምረዋል። ራግቢንም የተማሩት ከአንድ እንግሊዛዊ ርእሰ መምህር ነው። ወደ አገራቸው ሲመለሱ አንድ ኳስ ይዘው መጡ፤ ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ የነበራቸው እንግሊዞች ወንዙ ዳር ትተውት ከሄዱት መጋዘን ረጃጅም እንጨቶች ለምነው ጎል ተከሉ። የከተማው ሰው እግር ኳስ ለመጫወት ጎሉን በጣም ከፍ አድርገው የሠሩ መስሎት ለብዙ ጊዜ ሲስቅባቸው ኖሯል።

ሥራዬን የተማርኩት ከማሠልጠኛው ይልቅ ከእሳቸው ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ልጆቹ ከመግባታቸው በፊት ጫማቸውን አውልቀው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ይሄዱበታል፤ እሾኽ ካለ መጀመሪያ የሚወጋው እሳቸውን ነው። እኔ ደግሞ አዲስ ፊሽካ አንጠልጥዬ በየደቂቃው እነፋ ነበር። አንድ ቀን አጠገቤ ቆሙና፣ «ኑሩ፣ ፊሽካ ብዙ ትነፋለህ። ልጅ ፊሽካ ይሰማል፣ አንተን አይሰማም» አሉኝ። በጋምቤላ «እርስዎ» የሚለው ቃል ብዙ አይሰማም፤ አማርኛ ለብዙው ሰው ሁለተኛ ቋንቋ ስለሆነ ትንሹም ትልቁም «አንተ» ነው። እኔ ግን አፌ እንቢ ስላለኝ አቶ ኡጁሉን እስከ መጨረሻው አንቱ እንዳልኳቸው ነው።

ራግቢን ለማያውቅ ሰው ትልቁ ግራ መጋባት ይሄ ነው፦ በእጅህ ይዘህ ወደፊት ትሮጣለህ፣ ለጓደኛህ የምታቀብለው ግን ወደ ኋላ ብቻ ነው። ልጆቹ ዞር እያሉ ሲያዩ ፍጥነታቸው ይቀንሳል። አቶ ኡጁሉ ለዚህ መላ አበጁለት። ከኋላ የሚመጣው ልጅ «ከኋላህ ነኝ» ብሎ ይጮኻል፤ የሚጮኸው ግን በራሱ ሳይሆን ኳስ በያዘው ልጅ ቋንቋ ነው። ስለዚህ የአኙዋኩ ልጅ በኑዌርኛ፣ የኑዌሩ በአኙዋክኛ፣ ሁለቱም ለደገኛው ልጅ በአማርኛ መጮኽ ተማሩ። መጣልን የሚለማመዱት ባሮ ሲጎድል እርጥብ አሸዋው ላይ ነው። ጉንጭን ከሯጩ ጭን ጎን አስጠግቶ በሁለት እጅ እግሩን ማቀፍ ነው፤ ራሱን ከፊት ያደረገ ልጅ ጥርሱን ያጣል።

ከሁሉ የከበደው ስምንቱ ልጆች ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ከስምንት ጋር የሚገፋፉበት ነገር ነው። እኛ ግፊያ እንለዋለን። የኑዌርና የአኙዋክ ልጆች በግጦሽና በመሬት የቆየ ቂም ከሰፈራቸው ይዘው ስለሚመጡ መተቃቀፉን አይወዱትም ነበር። አቶ ኡጁሉ አልመከሩም፣ አልተቆጡም። ያለ ኳስ እንደተቃቀፉ ሜዳውን እንዲዞሩ ያደርጓቸዋል፤ አንዱ መሳቅ እስኪጀምር አያቆሟቸውም። የመሃሉን ቦታ የያዘው ቾል የሚባል የኑዌር ልጅ ነበር፣ ዝምተኛ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ግንባሩ ላይ የአዋቂነቱ መስመር የተቀረጸ። ከአጠገቡ የሚያያዘው ኡኬሎ ደግሞ ከጎግ የመጣ አኙዋክ ነው፤ እሱ ምላሱ አያርፍም።

አቶ ኡጁሉ አንድ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ምሳ ሰዓት ላይ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ምግብ የሚሠሩትን ሴቶች ሳህኑ እንደቀረበ ያሰናብቱና በሩ አጠገብ ቆመው ልጆቹ ሲበሉ ያያሉ። ራሳቸው የሚበሉት በመጨረሻ ነው። ጸጥታ ለማስከበር ይመስለኝ ስለነበር ምክንያቱን ጠይቄያቸው አላውቅም።

የሱዳኑ ጦርነት ጋብ ብሎ ጀልባዎች በክረምት እንደገና መመላለስ ሲጀምሩ፣ አቶ ኡጁሉ ከተማሩበት የማላካል ትምህርት ቤት ግብዣ መጣ፤ ልጆቻችሁን አምጡና ከልጆቻችን ጋር ይጫወቱ የሚል። አቶ ኡጁሉ ያን ሰሞን እግራቸው መሬት አልነካም። የድሮ ክፍላቸውን፣ ሜዳውን፣ የማንጎ ዛፉን ሳይቀር ለልጆቹ ሲነግሩ ይውላሉ። ፈቃድ ለመጠየቅ ከዲሬክተሩ ጋር ሆነን አውራጃ ጽሕፈት ቤት ገባን። ሹሙ ጨዋ ሰው ነበሩ፣ ግን ተጠራጣሪ።

«የኑዌሮቹ ዘመድ ወዲያ ማዶ ነው» አሉ። «ሄደው ቢቀሩስ? ተጠያቂው ማነው? ዋስ ጥሩ።»

«እኔ አለሁ» አሉ አቶ ኡጁሉ።

«በምን?»

«ቤት አለኝ። ቆርቆሮ ነው።»

ሹሙ አስፈረሟቸው። አንድ ልጅ ቢጎድል ቤቱ ይወሰዳል፣ እሳቸውም ይታሰራሉ፣ ኳሱም እዚያው ያበቃል። ፊርማው ከደረቀ በኋላ ሹሙ ቀና ብለው፣ ዋስ የሆነ ሰው ከከተማ እንደማይወጣ አስታወሱን። አቶ ኡጁሉ ይህን አላሰቡትም ነበር። «እሺ፣ ኑሩ ይወስዳል» አሉ። በመንገድ ስንመለስ ስለ ማላካል አንድም ቃል አልተናገሩም። በጣም አዘንኩላቸው፣ በጣምም ፈራሁ።

ወደቡ ላይ ሲሸኙን ማልያዎቹን አቶ አደም ከሰጡን አቡጀዲ አሰፍተን አረንጓዴ አስነክረን ነበር፤ ገና ሳይጫወቱ የልጆቹ አንገት አረንጓዴ ሆኗል። አቶ ኡጁሉ ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ኑሩ፣ ልጆቹን አትቁጠር። ይበላሉ፣ አይበሉም፣ እሱን እይ።»

እኔ ግን የማስበው የቆርቆሮ ቤቱን ነበር። ጀልባው ኢታንግን አልፎ በሣሩ መሃል ቁልቁል ሲወርድ፣ ጠዋት ስነሣ እቆጥራለሁ፣ ማታ ሳልተኛ እቆጥራለሁ፣ አንድ ቦታ ቆመን ስንነሣ እቆጥራለሁ። ለምን እንደምቆጥር ለልጆቹ አልነገርኳቸውም፤ አቶ ኡጁሉም ስለ ዋስትናው እንዳይሰሙ አደራ ብለውኛል። ኡኬሎ አንድ ቀን፣ «መምህር፣ ዛሬ ስንት ሆንን? ወለድን ወይስ ሞትን?» አለኝና ሁሉም ሳቁ። ልጆቹ ጀልባው ላይ ራሳቸው ያበስላሉ፣ ይበላሉ፣ ይዘፍናሉ። ከዚያ ሁሉ ጉዞ ቾል ዝም ብሎ ዳርቻውን ማየቱ ብቻ ያሳስበኝ ነበር። የእናቱ ወንድም ማላካል ዳር ከብት ይዞ እንደሚኖር ያወቅሁት እዚያው ነው።

ማላካል ላይ የተደረገልን አቀባበል እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ርእሰ መምህሩ ከካርቱም በቅርቡ የተዛወሩ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ሰው ነበሩ። አጠገባቸው ካለው የሴቶች ትምህርት ቤት ጋር ተመካክረው ግብዣ አዘጋጅተዋል። ልጃገረዶቹ አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው ዓሣውን፣ የባሚያ ወጡን፣ ኪስራ የሚሉትን ስስ እንጀራቸውን ራሳቸው አቀረቡ፤ እያንዳንዷም ከእንግዳዋ ጀርባ ቆመች። ደገኞቹና አኙዋኮቹ መብላት ጀመሩ። ስድስቱ የኑዌር ልጆች ግን እጃቸውን ታጥበው፣ ትሪውን እያዩ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

መጀመሪያ እስኪጋበዙ የሚጠብቁ መሰለኝ። «ብሉ እንጂ» አልኩ። አልነኩም። ርእሰ መምህሩ ምግቡ አልጣማቸውም ወይ ብለው ጠየቁኝ። እኔ ያደግሁት እንግዳ ካልበላ ባለቤቱ የሚቀየምበት አገር ነው፤ ላብ አጠመቀኝ። ምን ላድርግ? አገሬ ላይ እንቢ ያለ ሰው የሚታረቀው በአንድ ነገር ነው። ተነሥቼ ሄድኩ፣ ከዓሣው ጠቅልዬ፣ በዚያ ሁሉ ልጃገረድ ፊት ቾልን ላጎርሰው እጄን ዘረጋሁ። «በሞቴ» ሳይቀር አልኩት። ቾል ከንፈሩን ገጠመ። ጉርሻው ማልያው ላይ ወደቀ፣ ከኋላው የቆመችው ልጅ ሳቀች፣ ሳቋም ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሄደ። ቾል ቀና ብሎ አላየኝም።

በማግሥቱ ጠዋትም ቁርሱ እዚያው፣ አቅራቢዎቹም እነዚያው ነበሩ። እንደገና አልበሉም። ኩራት ነው አልኩና ተውኳቸው፤ ሲርባቸው ይበላሉ ብዬ።

ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ነበር። እስከ ዕረፍት ድረስ አልተበለጥንም ማለት እችላለሁ፤ ኡኬሎ አንዴ ኳሱን ይዞ ከጎሉ መስመር አልፎ በመውደቅ ነጥብ አስቆጥሯል፣ የማላካል ሰው አጨብጭቦለታል። ከዕረፍት በኋላ ግን ግፊያው ላይ አንድ ነገር ተበላሸ። የእኛ ስምንት ሲያያዙ የልጆቹ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ከዳር ይታየኛል። ሲገፉ ይፈርሳሉ፣ ሲፈርሱ የማላካል ልጆች በላያቸው ያልፋሉ። አንደኛው ልጅ ተዝለፍልፎ ወደቀና ተሸክመን አወጣነው። ቾል እያነከሰ እስከ መጨረሻው ቆመ። ውጤቱን መጻፍ አልፈልግም፤ በሥራ ዘመኔ እንዲያ የተሸነፈ ቡድን ይዤ አላውቅም። ሲያበቃ ንዴቴን መቻል አቃተኝና፣ «ላለመብላት የምትኮሩትን ያህል ላለመሸነፍ ብትኮሩ ምን ነበረበት?» አልኳቸው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ስድስቱ የሉም። በማግሥቱ ቀትር ላይ ጀልባው ይነሣል። ወደቡን፣ ገበያውን፣ ሜዳውን ዞርኩ። አቶ ኡጁሉ እጃቸው ታስሮ፣ ባለቤታቸው ከቆርቆሮው ቤት ዕቃ ሲያወጡ ይታየኝ ጀመር። ጎህ ሲቀድ ኡኬሎን ያዝኩት።

«ወዴት እንደሄዱ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ፤ ሊበሉ ነው የሄዱ።»

«ምግብ መቼ አጡ?»

ኡኬሎ እንደ ሞኝ አየኝ። «መምህር፣ የኑዌር ወንድ ግንባሩ ከተቀረጸ፣ ዘመዱ ካልሆነች ልጃገረድ ፊት አይበላም። ይሞታል እንጂ አይበላም። አንተ ደግሞ አጎረስከው።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«የሰው ሆድ ወሬ ነውር ነው። ተርቧል ብዬ ልናገርበት?»

የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት፣ የሚሰናበቱት ሴቶች፣ የአቶ ኡጁሉ በሩ አጠገብ መቆም፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ። ኡኬሎን ወደ እነሱ እንዲወስደኝ ለመንኩት።

ከከተማው ዳር ከብት የሚያድርበት ትልቅ ክብ የሣር ቤት አለ። ስድስቱም እዚያ ነበሩ፤ ከወንዶች ጋር ክብ ሠርተው የማሽላ ገንፎ በወተት ይበላሉ። ስገባ ቦታ ለቀቁልኝ፣ ቅል አቀበሉኝ። የቾል አጎት ጋትኮት ይባላል፣ ሽበታም ነው፣ ድምፁ ወፍራም። በኑዌርኛ ሲናገር የሚተረጉመው ራሱ ቾል ሆነ።

«ልጁ እዚህ ይቀራል ይላል» አለ ቾል መሬት መሬት እያየ። «እዚህም ትምህርት ቤት አለ ይላል። እናንተ ጋ ጦሙን ይውላል፣ በሴት ፊት ይዋረዳል ይላል።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ አስተርጓሚ ነኝ።»

ሌሎቹ አምስቱ መብላት አቆሙ። ቾል ከቀረ ብቻውን እንደማይቀር ገባኝ። አደራውን ከዚህ በላይ መሸከም ስላልቻልኩ ነገርኩት፤ አቶ ኡጁሉ ቤታቸውን እንዳስያዙ፣ የናፈቁት ማላካል ለምን እንደቀረባቸው። ቾል መተርጎሙን ተወ። አጎቱ ምን አለ ብሎ ሲጠይቀው ረጅም ጊዜ በኑዌርኛ ነገረው። ከዚያ ሽማግሌው ወደ እኔ ዞረ።

«ኡጁሉ አኙዋክ ነው?»

«አዎ።»

«ለኑዌር ልጅ ነው ቤቱን የሰጠ?»

«አዎ።»

ጋትኮት ቀጥሎ የተናገረውን ቾል ቀስ ብሎ ተረጎመው። «ለመንግሥታችሁ ዋስ አገኛችሁ። ልጁ ሲሄድ ለእኔ ማን ዋስ ይሆናል ይላል።»

«እኔ» አልኩ።

«ከብት አለህ?»

«የለኝም።»

«ቤት?»

«የኪራይ ነው።»

ወንዶቹ ሳቁ። ጋትኮት አልሳቀም፤ ስሜን ጠየቀኝ። ኑሩ አልኩት። የአባቴን ጠየቀ፣ የአያቴን፣ የቅድመ አያቴን። ከዚያ በላይ ስለማላውቅ አፈርኩ። እየደጋገመ በአፉ ያዘውና እንዲህ አለ፦ «ይህን ስም አስይዘሃል። ልጁ ትምህርቱን እስኪጨርስ ቢራብ፣ ቢዋረድ፣ ይህ የውሸታም ስም ነው ብዬ በወንዙ ሁሉ እናገራለሁ።»

እጁን ጨበጥኩት። ቾል ቅሉን አስቀምጦ ተነሣ። «እመጣለሁ» አለኝ፣ «ለአቶ ኡጁሉ ቤት ብዬ ነው። ለአንተ አይደለም።» እውነቱን ነበር፣ እሺ አልኩት።

ጋምቤላ ስንደርስ የጽሕፈት ቤቱ ሰው ወደቡ ላይ ቆጠረን፣ ሞላን። ለአቶ ኡጁሉ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጉርሻው ላይ ስደርስ ጨው በተሞላ ጆንያ ላይ ተቀመጡና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ እንባቸውን ጠረጉ። «ልነግርህ ይገባ ነበር» አሉኝ። «ከደገኛ ጋር ብዙ ኖርኩ። ሰው ማጉረስ እንደምትወዱ ረሳሁ።»

ለጉዞው ከመነሣቴ በፊት ወደ ደጋ ዝውውር ጠይቄ ነበርና ጎሬ ተፈቀደልኝ። ብርድ ልብስ የሚያለብሰውን የጎሬን ሌሊት እያሰብኩ ደብዳቤውን ለዲሬክተሩ መለስኩላቸው። ሙቀቱ ጭንቅላቴን የነካው መሰላቸው። ቾል ሰባተኛን፣ ቀጥሎ ስምንተኛን ጨረሰ፤ የሚኒስትሪ ፈተናውን አልፎ የድሬሰር፣ ማለት የጤና ረዳት፣ ትምህርት ሊገባ ስሙ መጣ። እስከዚያ ቀን ድረስ ከሜዳ ውጭ ከእኔ ጋር ያወራው ቃል ጥቂት ነው። ግን ግፊያውን ይመራ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ አልተሸነፍንም።

በዚያው ክረምት ጋትኮት በጀልባ መጣ። ቾል ወደ ቤቴ ይዞት ሲገባ ምግብ ለመሥራት የማውቀው ነገር ስለሌለኝ የአቶ አደም ሴት ልጆች ሠሩልኝ። ትሪውን አጥሩ ላይ ተቀብዬ፣ ልጆቹን መርቄ መልሼ፣ በሩን ዘጋሁት። ሦስታችን በላን። ቾል ከፊቴ ሲበላ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ በደንብ በላ።

ጋትኮት እጁን ታጥቦ ከጨረሰ በኋላ ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ፣ ከነቅድመ አያቴ አንድም ሳይስት ጠራ። ስሜን እንዲያ አድርጎ የጠራኝ ሰው አባቴ ከሞቱ ወዲህ አልነበረም።

«ልጁ ጨርሷል ይላል» አለ ቾል። «ስምህን መልሼልሃለሁ፣ ውሰድ ይላል።»

«አልወስድም፣ እሱ ዘንድ ይቆይ በለው።»

ቾል ነገረው። ሽማግሌው ግራ ገብቶት ሁለታችንንም አየን።

«ለምን ይላል።»

«ዘንድሮም ሌሎች የኑዌር ልጆች ሰባተኛ ክፍል ገብተዋል በለው።»

ቾል መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ ተረጎመለት።